የሙሴ ብሩሶ ሳንድዊች

«ይቺ ግድግዳ ትፈርሳለች፤ ኩሽናውና ሳሎኑ አንድ ይሆናል። ያንን የድሮ ቁም ሳጥንም ነቅለህ ትጥለዋለህ» ሲሉ ሰማቻቸው ማሪዝ፣ ሙሴ ብሩሶን። አከራዩ፣ በፈረንሳይኛው አቶ እንደማለት ሙሴ የሚባሉት፣ በጓሮ በኩል ባለው በረንዳ ላይ ሜትር ከያዘ አናጢ ጋር ቆመዋል። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ አላስቀምጥ ስላለ የኩሽናው መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል። ግድግዳዋ ሥር ደግሞ የማሪዝ እናት አሊን ተቀምጣለች፤ ዕቃው ሲጫን ወደ መኪናው ሳይወርድ በቀረው አንድ ወንበር ላይ፣ ቡናዋን በሁለት እጇ ይዛ። ሰምታለች። መስማቷ የታወቀው ሲኒውን ወደ አፏ አስጠግታ እዚያው አየር ላይ ስላቆመችው ነው። ሃያ ምናምን ዓመት የኖረችበትን፣ ሁለት ልጅ ያሳደገችበትን ኩሽና ሰውዬው እሷ ውስጡ እያለች እያፈረሱት ነው። ቡናዋን እስክትጨርስ ቢታገሡ ምን ነበረበት? ዓይናቸውን በጨው የታጠቡ ሰው ናቸው።

ነገሩ የመጣው በክረምት፣ በረዶው በረንዳውን ሞልቶ ሳለ ነው። ሙሴ ብሩሶ፣ ልጄ ሲልቫን ሚስቱ አርግዛለች፣ የሚገቡበት የላቸውም፣ ስለዚህ ቤቴን ለልጄ እፈልገዋለሁ ብለው አስታወቁ። ሕጉ እንደሆነ ለዚህ በር ከፍቷል፤ አከራይ ራሱ ወይም ልጁ ሊኖርበት ከሆነ ጁላይ አንድ ቀን ተከራዩን ማስወጣት ይችላል፤ ለሌላ ከሆነ ግን ንክች አያደርገውም። ማሪዝ ያኔውኑ ደሟ ፈልቶ፣ ወደ ቤት ኪራይ ዳኞች እንሂድ፣ ሰውዬው ኪራይ ሊጨምር እንጂ ልጁ ትዝ ብሎት አይደለም ብላ ነበር። አሊን የምትከፍለው በወር ሦስት መቶ አሥር ዶላር ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው፣ ግድግዳው ፈርሶ ነጭ የተቀባው ቤት፣ አራት መቶ ሰማንያ ገብቷል። አሊን ግን አሻፈረኝ አለች። «እኔም ልጅ አለኝ። እርጉዝ ሴት ደጅ ትደር ልበል?» አለችና ከዚያ ወዲያ ስለ ቤቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ፋሲካ መጣ፣ ሄደ። ካርቶን ከየሱፐርማርኬቱ ተለቀመ፣ ሳህኑ በጋዜጣ ተጠቀለለ። ዛሬ ማታ የምታድረው ላቫል፣ እህቷ ኢርማ ዘንድ፣ የስፌት መኪናው ካለበት ከኋለኛው ክፍል ነው። ላቫል ማለት ወንዝ ተሻግሮ፣ ዳቦ ለመግዛት እንኳ መኪና የሚያስነሳ ሰፈር ነው። የሐሙስ የቢንጎ ጨዋታዋ፣ ስሟን ጠርቶ ሥጋ የሚመርጥላት ሥጋ ሻጭ፣ ባሏን የሸኘችበት ቤተ ክርስቲያን፣ ሁሉም እዚህ ሮዝሞን ሰፈር ይቀራል። ማሪዝ የምትፈልገው እናቷ ከዚህ ቤት እንዳትወጣ ነበር። ካልሆነም እንደ ሻንጣ ዝም ብላ እንዳትወጣ።

ማሪዝ ራሷ ምን ትሠራለች ቢባል፣ ወንድሟ ኖርማን እንደሚለው፣ «ዩኒቨርሲቲ ገብታ አረም በጨለማ ታሳድጋለች»። ውሸት አይደለም። ቪንካ የሚሏት ሐምራዊ አበባ አለች፤ ከቅጠሏ የካንሰር መድኃኒት ይወጣል። ያንን መድኃኒት የሚሆነውን መራራ ነገር፣ አልካሎይድ የሚሉትን፣ ተክሏ ባንድ ጊዜ አትሠራውም፤ አንዱን ወደ ሌላው እየለወጠች ነው የምትደርስበት። የማሪዝ ፕሮፌሰር እንደሚሉት ከዘሯ ገና ብቅ ያለች ቡቃያ ጨለማ ውስጥ ካደገች ሥራውን ትጀምረውና መኻል ላይ ትተወዋለች፤ የምትጨርሰው ብርሃን ስታይ ነው። ይሄንን ለመለካት ማሪዝ ሁለት ሣጥን ቡቃያ አብቅላለች፤ አንዱን በመብራት፣ አንዱን በድቅድቅ ጨለማ። የጨለማው ከሌለ የመብራቱ ብቻውን ምንም አያስረዳም። የዩኒቨርሲቲው ጨለማ ክፍል ጣሪያው ማፍሰስ ስለጀመረ የጨለማዎቹን እናቷ ቤት፣ ኮሪደሩ ላይ ካለው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከካፖርቶቹ ሥር ሸሽጋቸዋለች። ለወራት የጠበቀችው የመለኪያ ማሽን ተራ ነገ ጠዋት ነው። ሣጥኑን በጥቁር ፕላስቲክ ጠቅልላ በትልቁ «ብርሃን እንዳያገኘው» ብላ ጽፋበታለች። «የሌሊት ወፎቹ እንዴት አደሩ?» ይላታል ኖርማን ባለፈ ባገደመ ቁጥር።

አክስቷ ኢርማ ልታግዝ የመጣችው ትላንት ማታ ነው። ኢርማ ከሐኪም ይልቅ የጤና ምግብ የሚሸጠውን ልጅ የምታምን ሴት ናት። ስኳር ትታለች፣ ነጭ ዳቦ ትታለች፣ በዚህ ዓመት ደግሞ አልፋልፋ የሚሉት ቡቃያ ይዟታል፤ ቤቷ ውስጥ በጨለማ እያበቀለች በሾርባም፣ በእንቁላልም፣ በምንም ላይ ትነሰንሰዋለች። ለተሸካሚዎቹ ምሳ ሳንድዊች እሠራለሁ ብላ አንድ ሣጥን ሙሉ ይዛ መጣች፤ ማሪዝ ስታየው ልክ የሷን ይመስላል፤ ቢጫ፣ ቀጭን፣ አንገቱን ያስረዘመ። ኢርማ ብርሃን አይስማማውም ብላ የት አስቀመጠችው? ከዚያው ቁም ሳጥን፣ ከማሪዝ ሣጥን ጎን። ማሪዝ አይታ ምንም አላሰበችም። የሷ ተጽፎበታል፤ ማንበብ ለማይችል ሰው እንኳ ጥቁር ፕላስቲኩ ይናገራል።

ከዚያ በኋላ የሆነው በዚህ ከተማ የኪራይ ውል ሁሉ በሚያልቅበት በጁላይ አንድ ሁሌ የሚሆነው ነው። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር መኪና ሞላው፤ ግማሹ ይጭናል፣ ግማሹ ያራግፋል፣ ፍራሽ በሰው ራስ ላይ ይሄዳል። ኖርማን ዳቦ የሚያመላልስበትን መኪና ከአለቃው ለምኖ፣ ሁለት ጓደኞቹን በፒዛና በቢራ ተስፋ አታሎ አምጥቷል። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ከመንገድ የሚያወጣው የብረት ደረጃ ደግሞ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ። ያንን ደረጃ የሠራው ሰው ፍሪጅ የሚባል ነገር ይመጣል ብሎ አላሰበም። ሶፋው መጠማዘዣው ላይ ተቀርቅሮ ወደላይም ወደታችም እምቢ ሲል፣ ኖርማን ከታች ሆኖ የሶፋውን እናት ሰደበ፤ ከበላዩ ያሉት ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ሊለቁበት ምንም አልቀራቸው። ፍሪጁ ወረደ፤ ምድጃው ወረደ፤ አልጋው ወረደ። ማሪዝ መብራትና መጋረጃ እየተሸከመች ስትወጣ ስትወርድ ዋለች። ከጨለማው ጋር አብራ እናቷ ቤት ያመጣችውን የብርሃኑን ሣጥን ቀድማ አውርዳ ከመኪናው ፊት፣ ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ አስቀመጠችው፤ የጨለማው መጨረሻ ላይ ይወርዳል ብላለች። እናቷ ከወንበሯ አልተነሳችም። ክፍሉ ባዶ እየሆነ ሲሄድ ግድግዳው ላይ የሥዕሎቹ ቦታ ነጭ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ አሊን እሱን ታያለች እንጂ ማንንም አታይም።

ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ኩሽና ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የኢርማን የእንቁላል ሳንድዊች በላ። ማሪዝ ግን ታች ሆና መኪናውን ትጠብቅ ነበር፤ በዚህ ቀን ጥበቃ ያልቆመለት ወንበር የሰው ወንበር ነው። ልክ በዚያ መኻል ሙሴ ብሩሶ ቁልፋቸውን ሊቀበሉ ከባለቤታቸው ጋር ወጡ፤ አናጢውም ተከትሏቸዋል። አሊን ቤቷን የሚወስድባት ሰው እንኳ ቢሆን ምሳ ሰዓት ላይ ከመጣ ሳትጋብዝ የምታልፍ ሴት አይደለችም። «ኢርማ፣ ለሙሴ ብሩሶ አንድ ሥሪላቸው» አለች፤ ያን ቀን ከአፏ የወጣው የመጀመሪያው ቃል ይሄ ነበር። ማዳም ብሩሶ ሆዴን እየቀነስኩ ነው ብለው እምቢ አሉ፤ አናጢው ምሳውን ይዟል። ሙሴ ብሩሶ ግን የነፃ ነገር አልፈው አያውቁም፤ አንዱን በልተው ሁለተኛ ተጨመረላቸው። «መረር ይላል» አሉ እያኘኩ። «መራራ ነገር ለደም ግፊት ፍቱን ነው» አለች ኢርማ።

ማሪዝ ይሄንን ሁሉ የሰማችው ኋላ ነው። ኖርማን ወርዶ ሲተካት ወጥታ በቀጥታ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች። ካፖርቶቹ ተነስተዋል። ፕላስቲኩ ተፈቶ በሥርዓት ታጥፏል። ሣጥኑን ስታነሳው ቀለላት፤ ውስጡ እንደተላጨ ራስ ተመድምዷል። እሱን እንደያዘች ኢርማን እዚያው ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት።

«አክስቴ፣ ከዚህ ውስጥ ቡቃያ ወስደሻል?»

«የኔ ለልጆቹ ሳንድዊች አለቀብኛ። ያንቺ ደግሞ እንዴት ያምራል! የኔ እንዲህ አይረዝምልኝም። ውሃ በቀን ስንቴ ነው የምታጠጪው?»

«የተጻፈበትን አላየሽም እንዴ?»

«አየሁ እንጂ። ብርሃን እንዳያገኘው ነው የሚለው። እኔም በሩን ገርበብ አድርጌ በዳበሳ ነው የቆረጥኩት። አትብሉት የሚል የለበትም።»

«ማን በላው?»

«ሙሴ ብሩሶ ብቻ» አለች ኢርማ በአገጯ ወደ ኩሽናው እየጠቆመች።

እውነቱን ለመናገር ማሪዝ መጀመሪያ ያዘነችው ለቡቃያዋ ነው። ለሙሴ ብሩሶ ማዘን እስኪጀምራት ትንሽ ቆየ። እየሮጠች ገብታ ምን ያህል እንደበሉ ጠየቀቻቸው። «ሁለት፤ ምነው፣ ተቆጥሮ ነው እንዴ የሚበላው?» አሉ ሙሴ ብሩሶ። ቡቃያው የሰላጣ ሳይሆን መድኃኒት የሚወጣው ተክል መሆኑን ስትነግራቸው የምን መድኃኒት አሉ። የካንሰር አለች፤ ማሪዝ መዋሸት አልሠለጠነባትም። ሙሴ ብሩሶ ካንሰር የምትለዋን ብቻ ሰሙ መሰለኝ፤ ክው ብለው ቀሩ። አሊን ተነስታ ወንበሯን አስጠጋችላቸው፤ ዘጭ አሉበት።

ስልኩ ኮሪደሩ ላይ፣ ግድግዳ ላይ ነው፤ የሚቆረጠው ማታ ነው። ማሪዝ መጀመሪያ የደወለችው ወደ መርዝ መረጃ ማዕከል ነው። ያነሳችው ነርስ የሰውዬውን ዕድሜ ጠየቀች፣ ኪሎ ጠየቀች፣ ያስመልሳቸዋል ወይ አለች። የሚያስመልሳቸው ነገር የለም፤ ከኩሽናው የሚሰማው ኑዛዜ ብቻ ነው። «እሺ፣ ቡቃያው ምን ያህል መርዝ አለው?» አለች ነርሷ። ማሪዝ ከመሳቅና ከማልቀስ መኻል ሆና፣ «እሱን ነገ ጠዋት ነበር የማውቀው» አለቻት። ነርሷ ውሃ ይጠጡ፣ ካስመለሳቸው ወይ ካዞራቸው ሐኪም ቤት አምጪያቸው፣ ተክሉን የሚያውቅ ሰው ካለም ጠይቂልኝና መልሰሽ ደውዪ አለቻት። የሚያውቁት ፕሮፌሰሩ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ሐይቅ ዳር ካለው የበጋ ቤታቸው ሥጋ እየጠበሱ ነው።

«ብርሃን አይቷል?» አሉ፤ ሌላ ምንም ከመጠየቃቸው በፊት።

«አላየም። ከቁም ሳጥን ወደ ሳንድዊች ነው የገባው።»

«እንግዲያው መኻል መንገድ ላይ የቀረ ነው፤ ዋናው ነገር ገና አልተሠራም። የመብራቱንም ቢሆን በዚህች መጠን ብዙ አልሰጋም ነበር። ይሄኛው አፋቸውን ይመራቸዋል። ብቻ እስከ ማታ ዓይናችሁን አትንቀሉባቸው።» ከዚያ ሥጋቸውን ሊገለብጡ ሄዱ። ሲመለሱ ድምፃቸው የለቅሶ ቤት ድምፅ ሆኗል። «ስለዚህ የጨለማው የለንም ማለት ነው።»

«የለንም።»

«ሰኞ እንደገና ዝሪ። ለማሽኑ የሚቀጥለው ተራ መቼም ከሴፕቴምበር በፊት አይገኝም።»

ማሪዝ ለነርሷ መልሳ ደውላ ነገረቻት፤ ነርሷም ከፕሮፌሰሩ ጋር ተስማማች። ስልኩን ዘጋች። በጋው በሙሉ ለኢርማ ሳንድዊች ሄደ። ኖርማን ጉዱን ሰምቶ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጥቶ አጠገቧ ቆሟል። ነገሩን በጆሮው ነገረችው፤ እሱም በጆሮዋ መለሰ። «እንዳትነግሪው። እስከ ማታ ትሞታለህ በይውና ቤቱን ይተውልን። አሁን ብትጠይቂው ሱሪውንም ይሰጥሻል።» ማሪዝ ወደ ኩሽናው አየች። ሙሴ ብሩሶ የእናቷ ወንበር ላይ ተለጥጠው፣ ግንባራቸው ላይ እርጥብ ፎጣ ተደርጎላቸው፣ የአናጢውን እጅ ይዘዋል። ጠዋት በመስኮት የሰማችው ድምፅ ታወሳት፤ እናቷ አየር ላይ ያቆመችው ሲኒም። ሐሳቡ ፈተናት እንጂ፤ ሰው ናት።

ይሄኔ ማዳም ብሩሶ እንባቸውን እየጠረጉ ወደ ኮሪደሩ መጡ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ባላቸው ሲናገሩ ራሳቸውን መነቅነቅ ለምዶባቸው ነው እንጂ። «እባክሽ ሲልቫንን አገናኚኝ። አባቱ እንዲህ ሆኖ ሳይሰማ ቢቀር እድሜ ልኩን አይምረኝም» አሏት። ማሪዝ ምንም አይሆኑም ልትላቸው አፏን ከፈተች፤ ማዳም ብሩሶ ግን ቁጥሩን መጥራት ጀምረዋል፤ እሷም ለማስታገስ ብላ እየተከተለች መደወል ጀመረች። አራት። ዜሮ። ሦስት። ጣቷ መደወያው ቀዳዳ ውስጥ እንዳለ ቆመ።

«ማዳም፣ ይሄ የዚህ ከተማ ቁጥር አይደለም።»

«የካልጋሪ ነዋ። በፋሲካ ቤት ገዝተው የለ» አሉ ማዳም ብሩሶ፤ ካሉ በኋላ እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ፤ ረፍዷል።

ማሪዝ ስልኩን ሰቀለችው፤ ካልጋሪ ማለት በአውሮፕላን የሚደረስበት የአገሩ ሌላ ጫፍ ነው። በሙሴ ብሩሶ ተናደደች፤ ከዚያ በላይ ያዘነችው ግን ለእርጉዟ ሴት ብላ ክረምቱን በሙሉ አፏን ዘግታ ለከረመችው እናቷ ነው። ኖርማንም ሰምቷል፤ ጆሮዎቹ ቀልተዋል። «አሁንማ ይሙት» አለ። እውነትም አሁን ሁለቱም ነገር በእጇ ነው። ሰውዬው እንደማይሞት የምታውቀው እሷ ናት፤ ሲልቫን እንደማይመጣም የምታውቀው እሷ ናት፤ የትኛውን ቀድማ እንደምትናገር ደግሞ የሚያስገድዳት የለም። ከዚያ ገባችና ያስቀደመችው የሕይወቱን ነገር ነው።

«ሙሴ ብሩሶ፣ አይሞቱም። ቡቃያው ብርሃን ያላየ ስለሆነ ገና ምኑም አልደረሰም፤ አፍዎን ይመረዎታል፣ በቃ። ነርሷም ፕሮፌሰሩም ያሉት ይሄንን ነው። ሆድዎን ካመመዎት ግን ሐኪም ቤት እወስድዎታለሁ።»

የሰውዬው ደም ወደ ፊታቸው ሲመለስ ታየ። ፎጣውን ከግንባራቸው አነሱ፤ የአናጢውን እጅ ለቀቁ፤ ትንሽ እንደማፈር ብለው ሱሪያቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «በሉ እንግዲያው፣ ጊዜው ሄዷል፤ ቁልፉን» አሉና መዳፋቸውን ወደ አሊን ዘረጉ። ትንሽ እንኳ ቢቆዩ፣ ውሃ እንኳ ቢጠጡ ማሪዝ እንዴት እንደምትጀምረው ይጨንቃት ነበር። አላስጨነቋትም።

«እማዬ፣ ቁልፉን ያዢ» አለች። «ማዳም ብሩሶ ሲልቫን እንዲደወልለት ፈልገው ነበር። ሲልቫን ካልጋሪ ነው ያለው። በፋሲካ እዚያ ቤት ገዝቷል።»

ከውጪ የሌላ ሰው ቁም ሳጥን ደረጃ እየገጨ ሲወርድ ይሰማል። ሙሴ ብሩሶ ባለቤታቸውን አዩ፤ ባለቤታቸው ወለሉን አዩ። አናጢው ግድግዳው ላይ የዘረጋውን ሜትር ሰብስቦ ኪሱ ከተተ፤ ለዳኞቹ ምስክር ሆኖ የሚጠራ ሰው ፊት ታይቶበታል። ኖርማን ሊናገር ሲል ማሪዝ ክንዱን ያዘችው፤ እናቷ ቀና ብላለችና።

«ሚስቱስ?» አለች አሊን። «እርጉዟ?»

«ወለደች» አሉ ማዳም ብሩሶ ድምፃቸው እየጠፋ። «ባለፈው ወር። ሴት ናት።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት» አለች አሊን። ከልቧ ነው ያለችው። ነጭ ነጭ ሆኖ የቀረውን የሥዕሎቹን ቦታ አንድ ባንድ አየችው፤ ከዚያ ወደ ቧንቧው ሄዳ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀዳችና አምጥታ በሙሴ ብሩሶ በተዘረጋው መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ቀረ።

«ይጠጡት፣ ሙሴ ብሩሶ፤ መራራውን ያወርድልዎታል» አለች አሊን። «ሲጨርሱ ከኖርማን ጋር ይውረዱና ምድጃው ተመልሶ ሲወጣ ከሥር በኩል ያዙልኝ። የእኔ ልጆች ከጠዋት ጀምሮ ሲሸከሙ ነው የዋሉት፤ ደክሟቸዋል። ራት የምሠራው እዚህ ነው።»

ሙሴ ብሩሶ አናጢውን አዩ፤ አናጢው በመስኮት ወደ ውጪ ያያል። ውሃውን ጠጡ። እጅጌያቸውን ጠቀለሉና ኖርማንን ተከትለው ጠመዝማዛውን ደረጃ ወረዱ።